የእንግሊዝኛ ድርሰት ላይ አልለቅ ያሉ ስህተቶች፦ ከየትኛው ልጀምር?

የማታ አስጠኚ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ከመካከላቸው ለአይልትስ (ለዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) የሚዘጋጁም አሉ። «ትክክለኛውን መልስ ምረጡ» ሲባሉ ጎበዞች ናቸው። ድርሰት ጻፉ ሲባሉ ግን እነዚያኑ የሚያውቋቸውን ሕጎች ይጥሷቸዋል። ወረቀቱ በቀይ ተዥጎርጉሮ ይመለስላቸዋል፤ በሳምንቱ ያው ስህተት ተመልሶ ይመጣል።

ይቺን አንቀጽ እዩልኝ። ርእሱ ወጣቶች ከገጠር ወደ ከተማ የሚፈልሱበት ምክንያት ነው።

«ናውአዴይስ ሜኒ ያንግ ፒፕል ሊቭ ዘ ሩራል ኤሪያ፣ ዘይ ጎ ቱ ዘ ሲቲ። ቢኮዝ ዘ ላይፍ ኢዝ ዲፊካልት። ኦልዞ ዘ ሲቲ ኢዝ ኤክስፔንሲቭ በት ዘይ ዎንት ጆብ። ዋን ኦፍ ዘ ፕሮብሌም ዊች ዘይ ፌስ ኢት ኢዝ ሀውስ። ሜኒ ፕሮብሌምስ ዌር ሃፕንድ። ዘ ገቨርንመንት ሹድ ዲስከስ አባውት ዚስ ኢሹ።»

«ሊቭ» ያለውን ወረቀቱ ላይ የጻፈው ኤል፣ አይ፣ ቪ፣ ኢ ብሎ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከእነዚህ ሁሉ የቱን ላስቀድም? ፈተና ላይ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎችስ ምን ብለው ነው ማረም ያለባቸው? «ደግማችሁ አንብቡ» ማለቱ ምንም አልፈየደም።

—

ቀይ ቢክ፦

መምህር፣ ጥሩ አንቀጽ ነው ያመጡልን፤ የሚበዙት ስህተቶች እዚያው አሉ። «ደግማችሁ አንብቡ» የማይሠራበት ምክንያት ተማሪው ሲያነብ በውስጡ የሚሰማው አማርኛው ስለሆነ ነው። በአማርኛ ሁሉም ልክ ነው። ስለዚህ አማርኛው የት የት ላይ እንደሚስበው ለይቶ ማሳየት ያስፈልጋል።

«ቢኮዝ»ን እንይ። እኛ ዓረፍተ ነገሩን በአራት ነጥብ ዘግተን «ምክንያቱም» ብለን አዲስ እንጀምራለን፤ ነውር የለውም። በእንግሊዝኛ ግን «ቢኮዝ» ያለበት ሐረግ ብቻውን አይቆምም፤ ከፊቱ ወይም ከኋላው ከዋናው ሐረግ ጋር መያያዝ አለበት። ማረሚያው ሁለት ነው፦ ወይ ነጥቡን አጥፍቶ ማገናኘት፣ ወይ ነጥቡን ትቶ «ዚስ ኢዝ ቢኮዝ» ብሎ መጀመር። ሁለተኛውን ልጆች ቶሎ ይለምዱታል፤ «ምክንያቱም» የሚለው ልማዳቸው ሳይነካ ስለሚቀር።

«ኦልዞ... በት»ም ከዚሁ ወገን ነው። «ምንም እንኳ ከተማው ውድ ቢሆንም ሥራ ግን ይፈልጋሉ» እንላለን፤ አማርኛ ሁለቱንም ጫፍ ያስራል። እንግሊዝኛ አንዱን ብቻ ነው የሚፈቅደው። «ኦልዞ» ካለ «በት» ይሰረዝና በቦታው ኮማ ይግባ። «ቢኮዝ... ሶ» ብለው ሲጽፉም ፍርዱ ያው ነው።

«ዊች ዘይ ፌስ ኢት» ላይ ያለችው «ኢት» የመጣችው «የሚጋፈጡት» ከሚለው «ት» ነው። ያነበብኩት፣ የገዛነው፣ ያገኘኋት ስንል ግሱ ላይ ተሳቢውን የሚያመለክት ቅጥያ አለ፤ ተማሪው እሱን ትቶ ማለፍ አልሆንልህ ይለዋል። ማረሚያው፦ «ዊች»፣ «ዛት»፣ «ሁ» የሚሉትን ይክበብ፣ ከኋላቸው ባለው ግስ ላይ ወደዚያው ስም የሚመለስ «ኢት»፣ «ዜም» ወይም «ሂም» ካለ ይሰርዝ።

«ዌር ሃፕንድ» የሚለው ደግሞ በጣም የተለመደ ነው። ተከሰተ፣ ተፈጠረ የሚሉት ግሶቻችን በ«ተ» ስለሚጀምሩ ልክ እንደ ተሰበረ፣ ተገደለ ተደራጊ ይመስላሉ። ልጁም «ተ»ን አይቶ «ዋዝ» ወይም «ዌር» ይጨምራል። «ሃፕን»፣ «ኦከር»፣ «አፒር»፣ «ኤግዚስት» በዚህ መንገድ ተደራጊ አይሆኑም። «ሜኒ ፕሮብሌምስ ሃፕንድ» ነው፤ አለቀ። አራቱን ቃላት በቃል ያጥኗቸው፤ ሕጉን ከማስረዳት ይቀላል።

«ዲስከስ አባውት» ከ«ስለ» የመጣ ነው፦ ስለ ጉዳዩ ተወያዩ። «ሜንሽን» እና «ኤምፈሳይዝ»ም «አባውት» አይፈልጉም። ከ«ወደ» የተነሳ «ሪች ቱ» እና «ኢንተር ቱ» ይጽፋሉ፤ ከ«ጋር» የተነሳ ደግሞ «ሜሪድ ዊዝ»። «አንሰር» ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ግስ ሲሆን «አንሰር ዘ ክዌስቸን»፣ ስም ሲሆን «ዚ አንሰር ቱ ዘ ክዌስቸን»። እዚህ ላይ ነው ልጆች የሚምታታባቸው፤ ሁለቱንም ሰምተዋልና።

ቁጥር ላይ፦ አማርኛ «አምስት ተማሪ»፣ «ሦስት ቀን» ብንል ይፈቅዳል፤ እንግሊዝኛ አይፈቅድም። «ዋን ኦፍ ዘ» ካሉ ስሙ የግድ ብዙ፣ ግሱ የግድ ነጠላ ነው፦ «ዋን ኦፍ ዘ ፕሮብሌምስ ኢዝ»። በተቃራኒው ደግሞ መረጃዎች፣ ምክሮች፣ ጥናቶች፣ ዕቃዎች ስለምንል «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «አድቫይስስ»፣ «ሪሰርችስ»፣ «ኢኩዊፕመንትስ» ይመጣሉ። እነዚህ ላይ መጨረሻው «ኤስ» ይውጣ። መቁጠር ካስፈለገ «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ» ይባላል። «ፒፕል» ደግሞ ብዙ ነው። «ሕዝቡ ይላል» ብለን ስለምንናገር «ዘ ፒፕል ሴይስ» ይጽፋሉ፤ «ሴይ» ነው።

—

ፊደል ለቃሚ፦

ቀይ ቢክ ያላነሷቸውን ልጨምር። ትንንሽ ናቸው፣ ግን አራሚ ወረቀቱን እንዳነሳ ዓይኑ ውስጥ የሚገቡት እነሱ ናቸው።

በሊቭ እንጀምር። መኖርም መተውም በእኛ አፍ «ሊቭ» ናቸው፤ አጭሩና ረጅሙ «ኢ» ለእኛ ልዩነት የለውምና። መኖር ኤል፣ አይ፣ ቪ፣ ኢ ነው፤ መተው ወይም መሄድ ኤል፣ ኢ፣ ኤ፣ ቪ፣ ኢ። የኮምፒውተር ስፔል ቼክ ይህን አይይዝም፤ ሁለቱም በመዝገበ ቃላት ያሉ ትክክለኛ ቃላት ናቸው። በዚሁ ዓይን የሚታዩ ጥንዶች፦ መሙላት የሚለው «ፊል» በአይና በሁለት ኤል፣ መሰማት የሚለው በሁለት ኢ። ለአንድ ነገር «ዚስ» በአይ፣ ለብዙ «ዚዝ» ከኤስ በፊትና በኋላ ኢ። «ዜን» በኢ ከዚያ ማለት ነው፣ «ዛን» በኤ ማወዳደሪያ። ተማሪው ጥንዶቹን ደብተሩ ጀርባ ላይ ይጻፋቸውና ድርሰቱን ሲጨርስ እነሱን ብቻ እየፈለገ ይለፍ።

ካፒታል ሌተር፦ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለብዙ ተማሪ ጌጥ ይመስለዋል። እኔ የሚለው «አይ» ሁልጊዜ ትልቅ ነው። የቀንና የወር ስም፣ የቋንቋ ስም፣ የሀገር ስም ትልቅ ይጀምራል። «ስቱደንት»፣ «ገቨርንመንት»፣ «ኤዱኬሽን» ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ትንሽ ናቸው፤ ትልቅ ነገር ስለሆኑ ብቻ ትልቅ አይጻፉም።

ከዚያ ይቺ የኢትዮጵያ ተማሪ የሚያዘወትራት አጻጻፍ አለች፤ ዓ/ም፣ ት/ቤት፣ መ/ር ከማለት የመጣች ይመስለኛል። «ቢትዊን» ለማለት ቢ/ኤን፣ «ዊች» ለማለት ደብልዩ/ሲ፣ «ዲፈረንት» ለማለት ዲ/ቲ። ለማስታወሻ ደብተር ጥሩ ናት። ድርሰት ላይ ግን የውጭ ሀገር አራሚ አያውቃትም። ደብልዩ/ሲ ደግሞ ለእንግሊዝ ሰው ሽንት ቤት ነው።

ዓመተ ምሕረት፦ «ኢን 2010» ብሎ የእኛን አቆጣጠር ሳይገልጽ የጻፈ ተማሪ አንባቢውን በሰባትና በስምንት ዓመት ወደኋላ ይወስደዋል። ከመስከረም ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ 7 ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። ጥቅምት 2010 ማለት ኦክቶበር 2017 ነው፣ መጋቢት 2010 ደግሞ ማርች 2018። ወሩ ካልታወቀ 2017/18 ብሎ መጻፍ ነው። ሰዓቱም ላይ ስድስት ሰዓት ይቆጠር፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የእነሱ 8 ነው።

—

ሦስተኛው አንቀጽ፦

የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ሁሉን በአማርኛ አናሳብብ። በ«ሂ» እና «ሺ» ጊዜ ግሱ ላይ የምትጨመረው «ኤስ» ለምሳሌ በየትኛውም ሀገር ያለ ጀማሪ ይረሳታል። አማርኛ እንዲያውም «ይሄዳል፣ ትሄዳለች፣ ይሄዳሉ» እያለ ከእንግሊዝኛ በላይ ነው ባለቤቱን ግሱ ላይ የሚያሳየው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የዓረፍተ ነገር ድንበር ነው። የአንቀጹን የመጀመሪያ መስመር እዩት፤ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች በኮማ ብቻ ተለጥፈዋል። በአማርኛ «ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ ፈልጎ፣ ሲያጣ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ...» እያልን በቦዝ አንቀጽ ብንቀጥል፣ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ መጥቶ ሁሉን ያስረዋል። እንግሊዝኛ ውስጥ ግን ግሱ መጀመሪያ አካባቢ ስለሚመጣ ሐረጉ ቶሎ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀጥለው ነገር መያዣ ይፈልጋል። መለማመጃው እንዲህ ነው፦ ተማሪው በየዓረፍተ ነገሩ ባለቤትና ግስ ጥንዶችን ያስምር። ሁለት ጥንድ ካገኘ በመካከላቸው «ኤንድ»፣ «በት»፣ «ሶ»፣ «ቢኮዝ»፣ «ዊች» ወይም ይህን የመሰለ ማያያዣ መኖሩን ይይ። ከሌለ ነጥብ ያድርግ። «ሃውኤቨር» እና «ዜርፎር» ማያያዣ ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም፤ ከፊታቸው ነጥብ ወይም ሴሚኮለን እንጂ ኮማ ብቻውን አይበቃም። አራት ጥንድ ያለበት ዓረፍተ ነገር ከሆነ ማረሙን ትቶ ለሁለት ይክፈለው።

ሌላው መግቢያው ነው። «ናውአዴይስ»፣ «አዝ ዊ ኦል ኖው»፣ «ሲንስ ዘ ክሪኤሽን ኦፍ ዘ ወርልድ»። ለፍልሰት ድርሰት ከአዳምና ሔዋን መነሳት አያስፈልግም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ አንደኛው ጥያቄውን በራስ ቃል፣ ሁለተኛው የጸሐፊውን አቋም። «አኮርዲንግ ቱ ማይ ኦፒኒየን» የሚለውም ይቅር፤ «አኮርዲንግ ቱ» የሌላ ሰው ሐሳብ ሲጠቀስ ነው፤ ለራስ «ኢን ማይ ኦፒኒየን» ይባላል፣ ከኋላው «አይ ቲንክ» ሳይደገም።

ለአይልትስ ተፈታኞች ይህ ውጤታቸው ላይም ይታያል። የጽሑፉ ክፍል በጠቅላላው 60 ደቂቃ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ቢያንስ 250 ቃል ይፈልጋል፣ 40 ደቂቃ እንዲሰጠው ይመከራል፣ ክብደቱም የመጀመሪያው እጥፍ ነው። የሚታረመው በአራት እኩል መስፈርት ነው፦ ጥያቄውን መመለሱ፣ የሐሳብ ፍሰቱ፣ የቃላት ሀብቱ፣ ግራመሩ። ስለዚህ ሰዋስውን አጥርቶ ጥያቄውን ያልመለሰ ልጅ ነጥቡን ሌላ ቦታ ይጥላል። «ምክንያቱና መፍትሔው ምንድን ነው» ተብሎ ተጠይቆ ምክንያቱን ብቻ የሚደረድር ብዙ ነው።

እና መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወረቀቱን ሙሉ በቀይ ማዥጎርጎሩ ራሱ አንዱ ችግር ነው። ሃያ እርማት ያየ ተማሪ አንዱንም አያስታውስም። በአንድ ድርሰት ሁለት ዓይነት ስህተት ብቻ ይምረጡ። ትክክለኛውን አይጻፉለት፤ በዚያ መስመር ትይዩ ኅዳጉ ላይ ምልክት ያድርጉና ራሱ ይፈልገው። ለዓረፍተ ነገር ድንበር «ድ»፣ ለቁጥር «ቁ»፣ ለአርቲክል (ለ«ኤ»፣ «አን»፣ «ዘ») «አ»፣ ይበቃል።

—

የማታ አስጠኚ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኅዳጉን ምልክት ከዚህ ሳምንት ጀምሬ እሞክራለሁ። አርቲክልን ግን ማንም አላብራራውም። «ዘ ላይፍ»፣ «ዘ ኤዱኬሽን» ይሉኛል፤ መኖር ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ «ሂ ኢዝ ቲቸር»። የመጽሐፉን ሕግ ሁሉ ብነግራቸው አይይዙትም።

—

ቀይ ቢክ፦

ልክ ነዎት፣ ሆን ብዬ ነው ያለፍኩት፤ ረጅም ነው። ግን ለድርሰት የሚበቃው ያህል በሦስት ጥያቄ ይያዛል፤ ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ።

አንደኛ፣ ስሙ ይቆጠራል ወይ? ተቆጥሮ ነጠላ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ራቁቱን አይቆምም። «ኤ»፣ «አን»፣ «ዘ»፣ «ማይ»፣ «ዚስ»፣ አንዱ ከፊቱ ይግባ። «ሂ ኢዝ ቲቸር» እዚህ ላይ ይያዛል። አማርኛ «መምህር ነው» ብሎ ስለሚተወው ልጁ የጎደለ ነገር አይታየውም።

ሁለተኛ፣ የማይቆጠር ወይም ብዙ ከሆነ፣ የማወራው በጥቅሉ ነው ወይስ ስለታወቀው? እዚህ አማርኛ ራሱ ይረዳል። ቃሉን በአማርኛ ሲሉት መጨረሻው ላይ ወይም ከፊቱ ባለው ገላጭ ላይ «ው»፣ «ዋ» ወይም ይህን የመሰለ ቅጥያ አለ? «ሕይወት ከባድ ነው» ስንል ቅጥያ የለም፤ ስለዚህ «ላይፍ ኢዝ ዲፊካልት»። «የገበሬው ሕይወት» ስንል የታወቀ ነው፤ «ዘ ላይፍ ኦፍ ዘ ፋርመር»።

ሦስተኛ፣ ከስሙ ኋላ «ኦፍ» ወይም «ዊች» መጥቶ የቱ እንደሆነ ወስኖታል? አብዛኛውን ጊዜ «ዘ» ይገባል።

የቅጥያው መፈተኛ የሚከዳበት ቦታ አለ። «መንግሥት ይህን ማድረግ አለበት»፣ «ፀሐይ ወጣች» ስንል ቅጥያ የለም፣ እንግሊዝኛው ግን «ዘ ገቨርንመንት»፣ «ዘ ሰን» ነው፤ አንድ ብቻ ወይም የታወቀ ስለሆነ። ስለዚህ መፈተኛውን ለረቂቅ ስሞች ይጠቀሙበት፦ ኤዱኬሽን፣ ሶሳይቲ፣ ፖቨርቲ፣ ሄልዝ። የድርሰት ርእስ የሚሆኑት አብዛኞቹ እነሱ ናቸው።

አምስቱን ደቂቃ በተመለከተ፦ በአንድ ንባብ ሁሉን መፈለግ ምንም አለመፈለግ ነው። ሦስት ዙር ይሁን። መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች ነጥብና ኮማ ብቻ። ቀጥሎ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያው እየወጡ ግሶቹን ብቻ፤ ባለቤቱ ነጠላ ነው ብዙ፣ «ኤስ» አለ ወይስ የለም፣ ጊዜው ትክክል ነው? ከታች መጀመሩ ሐሳቡ እንዳይወስዳቸው ነው። እግረ መንገድ «ሲንስ» ካለ ግሱን ይዩት። «ከ2017 ጀምሮ እየሠራ ነው» ከሚለው የተነሳ «ሂ ኢዝ ወርኪንግ ሲንስ 2017» ይላሉ፤ «ሃዝ ወርክድ» ወይም «ሃዝ ቢን ወርኪንግ» ነው። በመጨረሻ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሁለት ስህተት ይፈልግ፤ ባለፉት ወረቀቶቹ ኅዳግ ላይ የበዙትን ሁለት ምልክቶች። አንዱ የሚፈልገው ሌላው ከሚፈልገው ጋር መመሳሰል የለበትም።

የልጁ አንቀጽ ታርሞ ይህን ይመስላል፦

«ሜኒ ያንግ ፒፕል ሊቭ ሩራል ኤሪያስ ኤንድ ጎ ቱ ዘ ሲቲ ቢኮዝ ላይፍ ኢን ዘ ቪሌጅስ ኢዝ ዲፊካልት። ኦልዞ ዘ ሲቲ ኢዝ ኤክስፔንሲቭ፣ ዘይ ሆፕ ቱ ፋይንድ ጆብስ ዜር። ዋን ኦፍ ዘ ፕሮብሌምስ ዘይ ፌስ ኢዝ ሀውስ። ዘ ገቨርንመንት ሹድ ዲስከስ ዚስ ኢሹ።»

«ሜኒ ፕሮብሌምስ ሃፕንድ» የሚለውን አስወጥቼዋለሁ፤ ከፊቱ ያለው ዓረፍተ ነገር አንድ ችግር በስሙ ከጠራ በኋላ የሚጨምረው የለም።

—

ሦስተኛው አንቀጽ፦

ቀይ ቢክ፣ «ኢዝ ሀውስ» አምልጦዎታል፤ በራስዎ አንደኛ ጥያቄ የሚያዝ ነው፣ ነጠላ ሆኖ ራቁቱን ቆሟል። «ሀውዚንግ» ይሁን፤ የማይቆጠር ስለሆነ አርቲክል አይፈልግም፣ ችግሩንም በትክክል ይጠራዋል። የመጨረሻው መስመር ደግሞ የሰዋስው ስህተት የለበትም፣ ሐሳብም ግን የለበትም። መንግሥት ተወያይቶ ምን ያድርግ? ልጁ እዚያ ቦታ ላይ የሚሠራ አንድ ነገር ይጥቀስ፤ የገጠር ወጣቶች የሚበደሩበት ገንዘብ፣ ወረዳው ውስጥ የሚከፈት የሙያ ማሠልጠኛ፣ ወይ ርካሽ የኪራይ ቤት። ያንን ለመጻፍ የሚያስፈልገውን ቃል ደግሞ ድርሰቱን ከመጀመሩ በፊት፣ በእቅዱ አምስት ደቂቃ ውስጥ ያሰናዳው።